የመንግሥትን ወጪ ስለ መቀነስ
ከእንግሊዝ ሶማሌላንድና ከኬንያ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መንግሥትም እንደ ማንኛውም ባለቤት ገቢና ወጪ አለው። ገቢው አንሶ ወጪው የበዛ እንደ ሆነ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል፤ እነርሱም ግብር መጨመር፥ መበደር፥ ወይም ወጪን መቀነስ ናቸው። ከሦስቱም ውስጥ ወጪን መቀነስ ሲናገሩት የሚያምር፥ ሲሰሙትም ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ስለ ቁጠባ ክፉ የሚናገር ሰው አይገኝምና። ነገር ግን «ወጪ ይቀነስ» የሚለው ቃል ከጉባኤ ወጥቶ ወደ ሥራ በገባ ጊዜ፥ የሚቀነሰው ለማን ይወጣ የነበረው ገንዘብ ነው? የሚቀንሰውስ ማን ነው? ተቀነሰ የተባለውስ ገንዘብ በእውነት ተረፈ ወይስ በሌላ በኩል እጥፍ ሆኖ ወጣ? የሚሉት ጥያቄዎች ይከተላሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች በባዶ ሜዳ ከመመርመር በታሪክ በተፈጸመ ነገር መመርመር ይሻላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከጎረቤቶቻችን ከሶማሌላንድና ከኬንያ፥ በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ዘመን የሆነውን እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. ስለ በጀት አሠራር ጥቂት መግለጫ

በጀት ማለት ለሚመጣው ዓመት የሚገባውንና የሚወጣውን ገንዘብ አስቀድሞ የሚገምት የሒሳብ ሰነድ ነው። ወጪው በየምዕራፉ ተከፍሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ምዕራፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የታሰሩ ናቸው። የብድር ወለድ፥ የጡረታ አበል፥ በውል የተቀጠሩ ሹማምንት ደመወዝ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ፤ ገንዘብ ያዡ ወደደም ጠላም ይከፍላቸዋል። ሌሎቹ ግን ያልታሰሩ ናቸው። የመንገድ ጥገና፥ የሐኪም ቤት መድኃኒት፥ የአስተማሪ ቅጥር፥ የዘር እህል፥ የከብት ክትባት የሚገኙት ከዚህ ወገን ነው። ዘንድሮ ቢቀሩ በፍርድ ቤት የሚከስ የለም።

ስለዚህም ችግር በመጣ ጊዜ መጥረቢያው የሚያርፈው፥ ከሁሉ ይልቅ ዋጋ በሌለው ምዕራፍ ላይ ሳይሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ጠባቂ በሌለው ምዕራፍ ላይ ነው። የብድር ወለድ አንድ ዓመት ቢጓደል አበዳሪው በማግሥቱ ይጮኻል፤ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳይሠራ ቢቀር ግን ጩኸቱ የሚሰማው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

በቅኝ ግዛት ደግሞ ሌላ ልማድ ተጨምሮ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት አሳብ፥ እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት ከራሱ ገቢ ይኑር የሚል ነበር። ገቢው አልበቃው ብሎ ከለንደን ድጎማ የሚቀበል ግዛት፥ በጀቱ እስከ ጥቃቅኑ ድረስ በእንግሊዝ ግምጃ ቤት ይመረመር ነበር። ኋላ ኬንያ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ከዚህ ድጎማና ቍጥጥር የወጣው በ1912 ነው። እንግዲህ አገረ ገዥው በሁለት ወገን ይጨነቅ ነበር። በአንድ በኩል ለንደን «ራስህን ቻል» ይለዋል፤ በሌላ በኩል በአገሩ የተቀመጡት ነጮች «ግብር አትጨምርብን» ይሉታል። በመካከል ድምፁ የማይሰማው የአገሩ ሕዝብ ይገኛል።

፪. የሶማሌላንድ ነገር፤ የተቈጠበውና የተከፈለው

እንግሊዞች የሰሜኑን የሶማሌ ጠረፍ በ1880ዎቹ ውስጥ የያዙት አገሩ ብዙ ሀብት ይሰጠናል ብለው አልነበረም። ዋና ጕዳያቸው በዔደን ለሚቀመጠው ጦራቸው የሥጋ ከብት ማግኘትና የባሕሩን መንገድ መጠበቅ ነበር። ዳሩ ግን በ1899 ሰይድ መሐመድ ዓብደላ ሐሰን የባዕድ አገዛዝን ተቃውመው በተነሡ ጊዜ፥ እስከ 1904 ድረስ አራት ዘመቻ ለመዝመት ተገደዱ። በ1901 ዓፄ ምኒልክም በኦጋዴን በኩል ጦር ልከው ነበር። የዘመቻው ወጪ ከግዛቱ ገቢ ጋራ ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም።

በ1907 የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ምክትል የነበረው ዊንስተን ቸርችል በርበራን ጎብኝቶ ተመለሰ። ከዚያም፥ ገቢ በማይሰጥ በረሓ ውስጥ ምሽግ እየሠሩ ወታደር ማስቀመጥ ከንቱ ወጪ ነውና መሀል አገሩን ለቀን በጠረፉ ብቻ እንቀመጥ የሚል ማስታወሻ ጻፈ። ይህ አሳብ ብዙ ክርክር አስነሣ። የሚደግፉት ሒሳቡን እያሳዩ ይናገሩ ነበር። የሚቃወሙት ደግሞ፥ ከእኛ ጋራ ወዳጅ ለሆኑት ነገዶች እንጠብቃችኋለን ብለን ቃል ሰጥተናል፤ ይህን ቃል በቁጠባ ስም ማፍረስ ኋላ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ሒሳቡ አሸነፈ። በ1910 መጀመሪያ ላይ አስተዳደሩ ከመሀል አገሩ ወጥቶ በበርበራ፥ በቡልሐርና በዘይላ ተሰበሰበ። ለወዳጅ ነገዶችም ራሳቸውን ይከላከሉ ተብሎ ጠመንጃ ታደለ። ከዚህ በኋላ የሆነውን የዘመኑ የእንግሊዝ ሹማምንት ራሳቸው ጽፈውታል። ዳኛ በሌለበትና ጠመንጃ በበዛበት አገር ነገድ በነገድ ላይ ተነሣ፤ ግመሉ ተዘረፈ፥ ውሀው ጕድጓድ የጦር ሜዳ ሆነ፥ ረኀብም ተከተለ። በእነዚያ ዓመታት ከወንዱ ሕዝብ ሲሶው ያህል እንዳለቀ ይገምቱ ነበር። ቍጥሩ በቈጠራ የተረጋገጠ ሳይሆን ግምት ነው፤ ቢሆንም የጥፋቱን መጠን ያሳያል።

ወጪውስ ቀረን? አልቀረም። በ1912 የግመል ፖሊስ ማቋቋም ግድ ሆነ። አዛዡ ሪቻርድ ኮርፊልድ በነሐሴ 1913 ዱል ማዶባ ላይ ተዋግቶ ከብዙ ሰዎቹ ጋራ ወደቀ። በ1914 ከፊተኛው የሚበልጥ የግመል ጦር ተመሠረተ። በመጨረሻም በ1920 አሥራ ሁለት አይሮፕላኖች ያሉት ዘመቻ ተደርጎ ታሌሕ ተያዘ። ሰይዱም ወደ ኦጋዴን አፈግፍገው በዚያው ዓመት ማብቂያ ግድም በኢሚ ዐረፉ። የዛሬው የሶማሌ ሕዝብ እንደ አርበኛና እንደ ታላቅ ባለቅኔ ያከብራቸዋል።

የአይሮፕላኑ ዘመቻ የፈጀው 77 ሺሕ ፓውንድ ያህል ብቻ ነው ተብሎ በለንደን እንደ ታላቅ ቁጠባ ተወራ። ይሁን እንጂ ይህን ሒሳብ ሲያነቡ በዚያው ዓምድ ያልተጻፈውን የአሥር ዓመት ጥፋት መርሳት አይገባም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው ነው። በ1922 ደግሞ በቡርዖ በሕዝቡ ላይ ቀጥተኛ ግብር ለመጣል በተሞከረ ጊዜ ብጥብጥ ተነሥቶ የአውራጃው ሹም ሻምበል አለን ጊብ ተገደለ፤ ግብሩም ቀረ። ባለፉት ዓመታት አስተዳደር ምንም ሳይሰጠው የቈየ ሕዝብ፥ ግብር በተጠየቀ ጊዜ «ስለ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይሆንም።

፫. ኬንያ፤ የ1922 ቅነሳ

የኬንያው ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ በዚያ ክርክሩ የተደረገው አገሩን ስለ መያዝ ወይም ስለ መልቀቅ ሳይሆን፥ ሸክሙን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኬንያ አስተዳደር ሠራተኛው በዝቶ፥ ወጪው አድጎ ነበር። በ1921 በለንደን ገበያ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ወሰደ። በዚያው ጊዜ የዓለም ገበያ ወደቀ። ከዚህም በላይ የገንዘብ ለውጥ ተጨመረ። ከጦርነቱ በፊት ሩፒ በአንድ ሺሊንግ ከአራት ፔኒ ትመነዘር ነበር፤ በ1920 በሁለት ሺሊንግ እንድትቆም ተወሰነ። ስለዚህ በሩፒ ዕዳ የነበረበት ሰፋሪ ሁሉ ዕዳው በፓውንድ ሲሰላ በግማሽ ጨመረበት።

ሰፋሪዎቹ ይህን ጕዳት ወደ ታች አሳለፉት። በ1921 የአፍሪካውያን ሠራተኞችን ደመወዝ በሲሶ ለመቀነስ ተስማሙ። መንግሥት ደግሞ የጎጆና የራስ ግብርን ከ5 ሩፒ ወደ 8 ሩፒ፥ ማለት ወደ 16 ሺሊንግ፥ ከፍ አድርጎት ነበር። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ ደመወዙ ሲወርድ ግብሩ ወጣ።

በዚህ ጊዜ በናይሮቢ የሕዝቡን አቤቱታ ይዞ የተነሣው ሃሪ ቱኩ የሚባል ወጣት ነበር። የሚሲዮን ተማሪ ሲሆን ሥራው በዚያው በመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛነት ነበር። ግብሩ በሚቈጠርበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ፥ ግብሩ የሚያስለቅሰውን ሕዝብ ድምፅ ሰማ ማለት ነው። ማኅበር አቋቁሞ የግብሩን መክበድ፥ የደመወዙን መውረድና ሠራተኛው ሁሉ ተገዶ የሚይዘውን የመታወቂያ ወረቀት ተቃወመ። በመጋቢት 14 ቀን 1922 ተያዘ። ከሁለት ቀን በኋላ እንዲለቀቅ ለመጠየቅ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ጥይት ተተኰሰ። መንግሥት ያመነው የሞቱት ቍጥር 21 ሲሆን ሌሎች ከዚህ ይበልጣል ይላሉ። ከሞቱትም አንዲቱ ሴቶቹን ያነሣሣችው ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ ናት። ቱኩም ወደ ኪስማዩ ተጋዘ፤ በነጻ የተለቀቀው በ1930 ነው።

በዚያው ዓመት የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ሰር ቻርልስ ቦውሪንግ የሚመሩት የገንዘብና የኢኮኖሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ የሰፋሪዎቹ መሪ ሎርድ ዴላሜር ይገኙበት ነበር። ክርክራቸውን በቅን ልቡና ማስረዳት ተገቢ ነው። ሰፋሪዎቹ፥ ሹማምንት በዝተዋል፥ ደመወዛቸውም ከአገሩ አቅም በላይ ነው፤ የመንግሥት ገቢ የሚመነጨው ከእርሻ ምርት ስለ ሆነ ምርቱን የሚጐዳ ግብር መንግሥትን ራሱን ይጐዳል ይሉ ነበር። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት የለም ማለት አይቻልም። ሠራተኛው ከሥራው በላይ የበዛበት ክፍል ነበርና።

የተወሰነው ግን ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ሰፋሪዎቹን የሚመለከተውና ብዙዎቹ ለመክፈል እንቢ ያሉት የገቢ ግብር በ1922 ተሻረ። በእርሱ ፈንታ የጕምሩክ ቀረጥ ከፍ ተደረገ። የጕምሩክ ቀረጥ ደግሞ ዓይን የለውም፤ የሚከፍለውን ሰው ሀብታም ይሁን ድኻ አያይም። ለእርሻ መሣሪያ የሚጣለው ቀረጥ ዝቅተኛ ወይም ከናካቴው የሌለ ሲሆን፥ ሠራተኛው ለሚለብሰው የጥጥ ጨርቅ ግን ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። የጎጆው ግብር ከ16 ወደ 12 ሺሊንግ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያመጣው የኮሚቴው ቸርነት ብቻ ነው ማለት ከመጋቢቱ ቀን በኋላ አስቸጋሪ ነው።

በ1923 የእንግሊዝ መንግሥት በኬንያ ከሁሉ በላይ የሚቀድመው የአፍሪካውያን ጥቅም ነው ብሎ በይፋ አስታወቀ። ቃሉ ያማረ ነበር። በበጀቱ ውስጥ ግን ምዕራፍ አልተከፈተለትም።

፬. ሁለተኛው ችግርና የሎርድ ሞይን ሒሳብ

ከ1929 በኋላ የዓለም ኢኮኖሚ እንደ ገና በወደቀ ጊዜ የቡና፥ የሲሳልና የበቆሎ ዋጋ ተሰበረ። አንበጣም በዚያው ዘመን አገሩን መታ። የግዛቱ ዕዳ ከ17 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ስለ ነበር ወለዱ ብቻውን ከገቢው ብዙውን ይወስድ ነበር። እላይ እንደ ተናገርነው ወለድ የታሰረ ምዕራፍ ነው። የቀረው ያልታሰረው ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ሆነ። በአንድ ምዕራፍ ወጪ ይቀነስ እየተባለ፥ በሌላው ምዕራፍ እርዳታ ይጨመር ነበር። በ1930 የበቆሎ አምራች ለሆኑት ሰፋሪዎች የድጎማ ገንዘብ ተሰጠ፤ በ1931 ለእነርሱ የሚያበድር የመሬት ባንክ ተከፈተ። እንግዲህ ቅነሳ ማለት ሁልጊዜ የመንግሥት እጅ ታጠፈ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ ማለት ነው።

በ1932 ሎርድ ሞይን ከለንደን ተልከው የገቢውንና የወጪውን ሚዛን በዘር በዘሩ መረመሩ። ይህ ምርመራ እስከዚያ ድረስ በስሜት ይነገር የነበረውን በቍጥር አወጣው። በ1931 ከአፍሪካውያን የተሰበሰበው ቀጥተኛ ግብር ከ500 ሺሕ ፓውንድ በላይ ሲሆን ከአውሮፓውያን የተሰበሰበው ቀጥተኛ ግብር ግን ከ50 ሺሕ ፓውንድ በታች ነበር። በእርግጥ አፍሪካውያኑ 3 ሚሊዮን ገደማ፥ አውሮፓውያኑ 17 ሺሕ ያህል ነበሩ፤ አውሮፓውያኑም በጕምሩክ በኩል ብዙ ይከፍሉ ነበር። ቢሆንም ሎርድ ሞይን፥ አፍሪካዊው ከሚከፍለው ጋራ ሲመዛዘን የሚያገኘው አገልግሎት ያነሰ መሆኑን መስክረው ሁለት ነገር አሳሰቡ። አንደኛው፥ ከአፍሪካውያን ቀጥተኛ ግብር ከፊሉ ለራሳቸው ትምህርት፥ ጤናና እርሻ በተለየ ሣጥን እንዲቀመጥ ነው። ሁለተኛው፥ የገቢ ግብር እንዲመለስ ነው።

የመጀመሪያው አሳብ በሙሉ አልተፈጸመም። ሁለተኛው ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ። ሰፋሪዎቹ፥ በበጀቱ ላይ ሥልጣን ሳይሰጠን የገቢ ግብር አንከፍልም አሉ። አገረ ገዥው ሰር ጆሴፍ በርን በ1933 ለጊዜው አሳቡን ትተው በምትኩ ከሹማምንት ደመወዝ ላይ መዋጮ፥ አፍሪካዊ ባልሆኑት ላይ በየደረጃው የራስ ግብርና የንግድ ፈቃድ ክፍያ አደረጉ። በዚያው ዓመት የወጪ አማካሪ ኮሚቴ ተቀምጦ ወጪው የሚቀነስበትን መንገድ መረመረ። በመጨረሻ ሰር አለን ፒም በ1936 ሌላ ምርመራ ካቀረቡ በኋላ፥ የገቢ ግብር በ1937 ተመለሰ። ከተሻረ 15 ዓመት ሆኖት ነበር።

«ሥልጣን ሳይሰጠን ግብር አንከፍልም» የሚለው ቃል በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሚገርመው ይህ ነው፤ ይህን ያሉት 11 የተመረጡ እንደራሴዎች የነበሯቸው ሰፋሪዎች ናቸው። 3 ሚሊዮኑ ሕዝብ ግን በሕግ አውጪው ምክር ቤት የራሱ ወገን የሆነ አንድ ሰው እንኳ አልነበረውም። ስለ እርሱ ይናገር የነበረው ከ1924 ጀምሮ በመንግሥት የሚሾም ሚሲዮናዊ ነበር። የመጀመሪያው አፍሪካዊ ኤሊዩድ ማቱ በዚያ ጉባኤ የተቀመጡት በ1944 ነው። ከዚያ በፊት በተደረጉት ቅነሳዎች ሁሉ ሕዝቡ የተቈጠረው በገቢ ዓምድ እንጂ በጉባኤ ወንበር አልነበረም።

በእንግሊዝ አገር በራሱ የሆነውን ከዚህ ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1922 ሰር ኤሪክ ጌዴስ የመሩት ኮሚቴ ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ እንዲቀነስ ስላሳሰበ ሕዝቡ «የጌዴስ መጥረቢያ» ብሎ ጠራው። በ1931 ደግሞ የሥራ አጦች አበል ይቀነስ በሚለው ክርክር ሚኒስትሮቹ ተከፋፍለው መንግሥቱ ወደቀ። በዚያ አገር መጥረቢያውን የያዘ ሰው ኋላ በምርጫ ይጠየቅ ነበር። በኬንያና በሶማሌላንድ ግን መጥረቢያው ያረፈበት ሕዝብ መጥረቢያውን የያዘውን የሚጠይቅበት በር አልነበረውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

፭. ሕዝቡ ራሱ ያደረገው

አስተዳደሩ በቁጠባ ስም የተወውን ሥራ ሕዝቡ እንዲያው ተመልካች ሆኖ አልተወውም። በ1924 በወጣ ሕግ የአገሬው ምክር ቤቶች በየአውራጃው ተቋቁመው ነበር። ብዙዎቹ ከመንግሥት ግብር በላይ በራሳቸው ላይ መዋጮ ጥለው ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሰበሰቡ። በኪኩዩ አገር ከ1929 በኋላ ከሚሲዮኖች የተለዩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1939ም በጊቱንጉሪ የመምህራን ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ይህም ሕዝቡ ግብርን የሚጠላው ግብር ስለ ሆነ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። ፍሬውን በዓይኑ ለሚያየው ሥራ ድኻም ቢሆን ከጕሮሮው ነጥቆ ይከፍላል።

ለንደንም በኋላ አሳቧን ለወጠች። በ1929 የወጣው ሕግ ለቅኝ ግዛቶች ሁሉ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ይፈቅድ ነበር። በ1940 ይህ ወደ 5 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ በ1945 ለአሥር ዓመት 120 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈቀደ። «ቅኝ ግዛት ከራሱ ገቢ ይኑር» የሚለው የቈየ ደንብ በዚህ ተሻረ። ይሁን እንጂ ለኬንያ ዘግይቶ ነበር። በ1952 የማው ማው ዐመፅ ተነሥቶ እስከ 1960 የቈየ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዐመፁ ዋና ምክንያት የመሬት ጕዳይ ነውና ሁሉን በበጀት ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ዐመፁን ለመጫን 55 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጣ ተብሎ ይገመታል። በ1932 ሎርድ ሞይን በተለየ ሣጥን ይቀመጥ ያሉት ገንዘብ ከዚህ ጋራ ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ኬንያም በታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነጻ ወጣች።

፮. ከዚህ የምንማረው

ከዚህ ሁሉ፥ ወጪ መቀነስ ክፉ ነው የሚል ፍርድ ማውጣት አይገባም። የማይሠራ ሠራተኛን መቀነስ፥ ያለ ጥቅም የሚቃጠለውን ቤንዚን ማስቀረት፥ ሁለት መሥሪያ ቤት የሚሠራውን አንድ ሥራ ለአንዱ መስጠት የማንኛውም ቅን አስተዳደር ግዴታ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚባክንበት መንግሥት ወዲያው ሕዝቡን በግብር፥ ኋላም በዕዳ ይቀጣል። ስለዚህ ቅነሳ በቀረበ ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ብክነትን ማስወገድ ነው። ይህ እውነተኛ ቁጠባ ነው፤ ማንም አይጐዳበትም።

ሁለተኛው ወጪን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ዘንድሮ ያልተጠገነ ድልድይ ከሦስት ክረምት በኋላ አዲስ ድልድይ ይጠይቃል። ይህ ቁጠባ ሳይሆን ከልጆቻችን መበደር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግድ ይሆናል፥ ግን ብድር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛው ሸክምን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የ1922 የኬንያ ውሳኔ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። በመዝገብ ላይ ቅነሳ ይመስላል፤ በአገር ላይ ግን የቀነሰ ነገር የለም።

የሶማሌላንዱ መልቀቅ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የተደባለቀ ነበር። ወጪው ለአሥር ዓመት ተላለፈ፤ በመካከሉ ግን ሸክሙን መሀል አገር የቀረው ሕዝብ በሕይወቱ ተሸከመ።

የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር ሹም፥ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በአውራጃ፥ የቅነሳ ሰነድ ላይ ከመፈረሙ በፊት ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። ከሚቀነሰው ገንዘብ አጠገብ በሌላ ዓምድ፥ ይህ ሥራ ሲቀር ማን ምን ያጣል? የሚለውን በጽሑፍ ያስፍር። ገንዘቡ በዓምዱ ውስጥ ሲጻፍ፥ ሰውየውም በዓምዱ ውስጥ ይጻፍ። በናይሮቢና በበርበራ የጐደለው ዓምድ ይህ ነበር። ነዋሪውም በበኩሉ በጀት የሊቃውንት ምሥጢር ነው ብሎ አይተወው፤ ግብር የከፈለ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ገባ መጠየቅ መብቱ ብቻ ሳይሆን አስተዳደሩን የሚያግዝበት መንገድ ነው።

ለጥናት የሚረዱ ጥያቄዎች

፩. የታሰረና ያልታሰረ ምዕራፍ ማለት ምን ማለት ነው? በምትኖሩበት ከተማ ካሉት ሥራዎች ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ምሳሌ ስጡ።

፪. በ1910 የሶማሌላንድን መሀል አገር ለቀው የወጡት ሰዎች ያቀረቡት ሒሳብ በአኀዝ የተሳሳተ ነበርን? ካልተሳሳተ ጕድለቱ ምን ላይ ነው?

፫. የገቢ ግብርና የጕምሩክ ቀረጥ በሀብታምና በድኻ ላይ የሚያመጡት ሸክም እንዴት ይለያያል?

፬. የኬንያ ሕዝብ ለአስተዳደሩ የሚከፍለውን ግብር እየተቃወመ ለትምህርት ቤት መዋጮ በፈቃዱ የከፈለው ስለ ምን ነው?

፭. በከተማችሁ በጀት አንድ አሥረኛው ይቀነስ ቢባል፥ ከየትኛው ምዕራፍ ትጀምራላችሁ? ከመቀነሳችሁ በፊትስ ማንን ትጠይቃላችሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትወያዩበት ይሻላል። በአንድ ሰው ብቻ የሚመለስ አይደለምና።